የሐረር ቡና በማሽን፦ የኤስፕሬሶ አፈላል በድሬዳዋ ሲኒ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የሚመረተው ቡና ተሰብስቦ፣ ተበጥሮና በእጅ ተለቅሞ ወደ ውጭ ገበያ የሚያልፍባት ዋነኛ በር ሆና ቆይታለች። በዓለም የቡና ቀማሾች ዘንድ «ሐረር» የሚለው ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የበሰለ ፍሬ፣ የወይን ጠጅና የካካዋ ጠረን ነው። በከተማዋ ካፌዎች በማሽን ተፈልቶ በሚቀርበው ሲኒ ውስጥ ግን ይህ ጠረን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጠጪው የሚያገኘው ጎልቶ የወጣ ምሬት ነው፤ ምሬቱም በስኳር ይሸፈናል።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ሁልጊዜ ከቡናው አይደለም። ኤስፕሬሶ ከአፈላል ዘዴዎች ሁሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከፍተኛውን ግፊት የሚጠቀም በመሆኑ በአቆላል፣ በአፈጫጨት፣ በውሃና በሙቀት ላይ የሚፈጠርን ጥቂት ስሕተት አጉልቶ ያሳያል። በድሬዳዋ ደግሞ የከተማዋ ከፍታ፣ የአየሯ ሙቀትና የከርሰ ምድር ውኃዋ ጠባይ ሌላ ቦታ የተለመደውን አሠራር እንዳለ ለመውሰድ አያስችሉም። ይህ ጽሑፍ እያንዳንዱ የአፈላል ደረጃ በሐረር ቡና ጣዕም ላይ ምን እንደሚያመጣ ለካፌ ባለቤቶች፣ ለባሬስታዎችና ለቡና ጠጪው ኅብረተሰብ ያስረዳል።

ጉዳዩ ከጣዕም ምርጫ ያለፈ ኢኮኖሚያዊ ገጽታም አለው። በሐረርጌ ቡና ከጫት ጋር ለመሬትና ለውኃ ይፎካከራል፤ በብዙ አካባቢዎችም የቡና ዛፍ ተነቅሎ ጫት ተተክቷል። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የሚጠጣው የራሷ ሕዝብ ነው። አርሶ አደሩ ቀዩን እሸት ለይቶ በመልቀሙና በጥንቃቄ በማድረቁ የሚያገኘው ዋጋ ከውጭ ገዢ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ከምርቱ ግማሽ ያህሉ ለጥራት ዋጋ በማይከፍል ገበያ ይሸጣል ማለት ነው። የአገር ውስጥ ጠጪ ለጥራት የሚከፍለው ግን ጥራቱን በሲኒው ውስጥ ሲያገኘው ነው።

የሐረር ቡና ጠባይ

የሐረር ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ ነው። ፍሬው ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ሥጋው ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚካሄደው መብላላት ለቡናው የፍራፍሬ ጠረንና ወፍራም ስሜት ይሰጠዋል። በደንብ የተዘጋጀ የሐረር ቡና በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ብሉቤሪ ከተባለው የፈረንጅ ፍሬ ጋር ሲነጻጸር ቆይቷል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተበትና ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በ2007 ስምምነት ላይ በደረሰበት ጊዜ የተከበረው የዚህ ጣዕም ስም ነበር።

ይኸው የአዘገጃጀት ዘዴ ችግርም አለው። በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ውኃ ውስጥ ገብቶ ስለማይለይ ያልበሰለ ፍሬ ከበሰለው ጋር አብሮ ይደርቃል። ያልበሰለው ፍሬ በጥሬነቱ ጊዜ በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሲቆላ ግን ሌላው ሲጠቁር እርሱ ፈዝዞ ይቀራል፤ ጣዕሙም የጥሬ ኦቾሎኒና የወረቀት ነው። ለአንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ የሚያስፈልገው 7 ግራም ቡና 50 ያህል ፍሬ ስለሆነ፣ ከእነዚህ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ፈዛዛ ፍሬዎች ቢገኙ ሲኒውን ሊያበላሹት ይችላሉ። በጀበና ውስጥ ለብዙ ሰው በሚፈላ ቡና ላይ ግን ያው ጉድለት ተበትኖ ይጠፋል። ስለሆነም ቡናው ለማሽን ሲታሰብ ከመቆላቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ከተቆላ በኋላም በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ሊለቀም ይገባል። በድሬዳዋ መጋዘኖች ቡናን በእጅ መልቀም የቆየ ሙያ ነው፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚቀርበው ቡና አብዛኛው ለውጭ ከሚላከው ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው በመሆኑም ሙያው የበለጠ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

በማሽኑ ውስጥ የሚሆነው

የኤስፕሬሶ ማሽን የመነጨው ከጣሊያን ነው። አንጄሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 በቱሪን፣ ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 በሚላን የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። የእነዚህ ቀደምት ማሽኖች ግፊት ዝቅተኛ፣ ውኃቸው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ትኩስ ስለነበረ ቡናው ያረረ ጣዕም ነበረው። ዛሬ የሚታወቀውና ክሬማ የተባለው ወርቃማ አረፋ የሚንሳፈፍበት ኤስፕሬሶ የተገኘው አኪሌ ጋጃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞላ የሚጎተት ማንሻ ያለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለውን ማሽን ሠራ፤ በዚህም የ9 ባር ግፊት የተለመደ መለኪያ ሆነ። በኢትዮጵያ የማሽን ቡና የተስፋፋው ከጣሊያኖች ጋር በተያያዘ ሲሆን፣ «ማኪያቶ» የሚለው ቃል ራሱ ከቋንቋቸው የተወረሰ ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የተወረሰው የአሠራር ልማድ ግን ለሐረር ቡና ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። የጣሊያን የቡና ቅልቅል ብዙ ጊዜ ጠቆር ተደርጎ ይቆላል፤ ሮቡስታ የተባለው የቡና ዝርያም ይጨመርበታል። በኢትዮጵያ የሚመረተው ግን ዐረቢካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የጣሊያን ብሔራዊ የኤስፕሬሶ ተቋም ባወጣው መለኪያ መሠረት አንድ ሲኒ የሚዘጋጀው ከ7 ግራም ቡና፣ በ9 ባር ግፊት፣ ከማሽኑ ሲወጣ 88 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ፣ በ25 ሰከንድ ውስጥ ሲሆን፣ የሚገኘው ቡና አረፋውን ጨምሮ 25 ሚሊ ሊትር ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ላይ ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች ማለት ይፈቀዳል። ቁጥሮቹ ጠቆር ብሎ ለተቆላ ቡና የሚስማሙ ናቸው። መካከለኛ በሆነ ደረጃ ለተቆላ የሐረር ቡና መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ መድረሻ አይሆኑም።

የማሽኑ ሥራ በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ከተቆላ ቡና ክብደት ውስጥ በውኃ ሊሟሟ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ የሚሟሟው ሁሉ ጥሩ ጣዕም የለውም። ጥሩ ሲኒ የሚገኘው ከደረቁ ቡና ክብደት ከ18 እስከ 22 በመቶ የሚሆነው ሲወጣ ነው። ለምሳሌ ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ኤስፕሬሶ ቢቀዳና ከቡናው 20 በመቶ ቢሟሟ፣ በሲኒው ውስጥ 3.6 ግራም የቡና ንጥረ ነገር፣ ማለትም 10 በመቶ ይገኛል። በማጥለያ ወረቀት የሚዘጋጅ ቡና ከ1.5 በመቶ በታች ነው። ኤስፕሬሶ ምላስ ላይ የሚከብደውም ሆነ ጉድለቱን የማይደብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አቦል፣ ቶና እና በረካ በ25 ሰከንድ

ከቡናው ውስጥ ንጥረ ነገሮች የሚወጡት በተራ ነው። መጀመሪያ የሚሟሟው ኮምጣጣውና ጨዋማ ስሜት ያለው ነው፤ ቀጥሎ ጣፋጩና የቡናው ጠረን ይከተላል፤ በመጨረሻ የሚወርደው ቀጭንና መራራ ነው። በኢትዮጵያ የቡና ሥርዓት ይህ ቅደም ተከተል አዲስ አይደለም። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ የመጀመሪያው ከባድ፣ የመጨረሻው ቀላል የሚሆነው ዱቄቱ በእያንዳንዱ ዙር ያለውን እየሰጠ ስለሚሄድ ነው። ማሽኑ እነዚህን ሦስቱን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሲኒ ይቀዳል።

ይህን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ቡናው መውረድ ሲጀምር አንድ ሲኒ ይደረጋል፤ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ይተካል። ሦስቱም ለብ ሲሉ ለየብቻ ይቀመሳሉ። የመጀመሪያው ለመጠጣት እስኪያስቸግር ኮምጣጣ፣ ሁለተኛው ጣፋጭ፣ ሦስተኛው ውኃ የበዛበትና መራራ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ሦስቱ በአንድ ሲኒ ቢቀላቀሉ ለየብቻቸው የማይወደዱት ተመጣጥነው ይገኛሉ። ባሬስታ የሚሆን ሰው ከማንኛውም ሥልጠና አስቀድሞ ይህን ቢያደርግ የቀረው ትምህርት ይቀልለታል።

በብዙ ካፌዎች የሚታየው ልማድ ሲኒው እስኪሞላ ድረስ ማሽኑን አለማቆም ነው። ለአንድ ሲኒ በታሰበ 7 ግራም ቡና ላይ 60 ወይም 70 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲያልፍ በሲኒው ውስጥ የሚበዛው ሦስተኛው ክፍል ይሆናል። ጠጪው «ቡናው መረረ» ይላል፤ ምሬቱ ግን የመጣው ማሽኑ ዘግይቶ በመቆሙ ነው። ረዘም ያለ ቡና ለሚፈልግ ደንበኛ ኤስፕሬሶውን በልኩ ቀድቶ ትኩስ ውኃ መጨመር የሐረርን ጠረን ያተርፋል።

የቡናውን መጠንና የሚቀዳውን መጠን በዓይን መገመት አስተማማኝ አይደለም፤ ክሬማው ሲበዛ ሲኒው የሞላ ይመስላል። አንድ ግራምን ወደ ዐሥር ከፍሎ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ካለ ግን ግምት አያስፈልግም። መካከለኛ ለተቆላ የሐረር ቡና 18 ግራም ቡና አድርጎ ከ36 እስከ 40 ግራም የሚመዝን ኤስፕሬሶ ከ27 እስከ 32 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መቅዳት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመራው ምላስ ነው። ቡናው ኮምጥጦ ምላስ ላይ ሳይቆይ ከጠፋ ልም አድርጎ መፍጨት፣ መሮ አፍ ካደረቀ ሻከር ማድረግ ይገባል። የሐረር ቡና ያለው የፍራፍሬ ኮምጣጣነት ከዚህ ጉድለት ጋር መምታታት የለበትም፤ የፍሬው ኮምጣጣነት ጣፋጭነት ይከተለዋል፤ በአግባቡ ሳይወጣ የቀረው ቡና ኮምጣጣነት ግን እንደ ሎሚ ጭማቂ ጥርስ ላይ ይቀራል።

አቆላልና የመጠበቂያ ጊዜ

ቡናው በጣም በጠቆረ መጠን የፍራፍሬው ጠረን ይተንና በምትኩ የከሰል፣ የጭስና የመራራ ቸኮላታ ጣዕም ይገባል። ለማሽን የሚቆላ ቡና መጥቆር አለበት የሚለው እምነት ሁለት መነሻ አለው። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው የጣሊያን ልማድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተቀላቀለና ደረጃው ዝቅ ያለ ቡና አጥቁሮ ሲቆላ ጉድለቱ ስለሚሸፈን ነው። ጉድለቱ ሲሸፈን ግን መልካሙም አብሮ ይሸፈናል፤ አጥቁሮ የተቆላ የሐረር ቡናና አጥቁሮ የተቆላ የሌላ አካባቢ ቡና በሲኒ ውስጥ ለመለየት ያስቸግራሉ። ቡናው መጀመሪያ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ፣ ሁለተኛው መንጣጣት ሳይጀምርና ዘይቱ በፍሬው ላይ ሳይወጣ ማውረድ የሐረርን ጠረን ይጠብቃል።

በዚህ ረገድ የጀበናና የማሽን ጠባይ ፈጽሞ ይለያያል። በቡና ሥርዓት ላይ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ለእንግዶች ከዞረ በኋላ ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል፤ ትኩስነቱም ክብሩ ነው። ይህም ትክክል ነው፤ አዲስ በተቆላ ቡና ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚፈላ ጀበና ውስጥ በነፃነት ይወጣል። በማሽን ውስጥ ግን ያው ጋዝ መውጫ ስለሌለው ከውኃው ጋር ይጋፋል፤ ፍሰቱን ያውካል፤ ቡናውም ከአንዱ ወገን በዝቶ ከሌላው አንሶ ይወጣል። ክሬማው ወፍራምና የሚያምር ሆኖ ጣዕሙ ግን ኮምጣጣና ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ደንበኞች ኤስፕሬሶን በክሬማው ውፍረት ስለሚመዝኑ ይህን ማወቁ ይጠቅማል። ለማሽን የተቆላ ቡና ቢያንስ ለአምስት ቀን ያህል ማረፍ አለበት፤ መካከለኛ የተቆላው ከዚህ በላይ ይፈልጋል።

በሌላ በኩል የድሬዳዋ ሙቀት የቡናን ማርጀት ያፋጥናል። ሙቀቱ በሞቃቶቹ ወራት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣበት ከተማ ውስጥ በደጋ ከተማ ለአንድ ወር የሚቆይ ቡና በዚያው መጠን አይቆይም። ቡናው በትንንሽ መጠን መገዛት፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ፣ ከማሽኑ ሙቀትና ከፀሐይ ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል። በመፍጫው ጉረሮ ላይ ለሙሉ ቀን የሚበቃ ቡና መሙላት፣ ይልቁንም አስቀድሞ የተፈጨ ዱቄት ማስቀመጥ ጠረኑን ከደጃፍ እንደማባረር ነው።

የውኃ ሙቀትና የከተማዋ ከፍታ

በድሬዳዋ ከሚሠሩ ባሬስታዎች ብዙዎቹ በሥልጠና ያላገኙት ጉዳይ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ ቅነሳው በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ96 ዲግሪ ይፈላባታል። በጎረቤቷ በሐረር ከተማ ወደ 94፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ነው። ከአንድ ከረጢት የወጣ ቡና በሦስቱ ከተሞች በጀበና ቢፈላ ሦስት የተለያየ ሙቀት ያገኘዋል ማለት ነው።

የኤስፕሬሶ ማሽን ቦይለር ዝግ ስለሆነ ውኃው ውስጥ ሆኖ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ነገር ግን ከፍታ በሁለት መንገድ ይገባበታል። አንደኛው በግፊት መለኪያው በኩል ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከከባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የአየሩ ግፊት በድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ስለሚበልጥ፣ በሁለቱም ከተሞች መለኪያው 1 ባር ላይ ቢቆም የድሬዳዋው ቦይለር 118፣ የአዲስ አበባው 116 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ማሽን በድሬዳዋ ሁለት ዲግሪ ያህል ሞቆ ይሠራል።

ሁለተኛው ከባሬስታው ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። የቡናው ውኃ በቦይለሩ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ በሚሞቅባቸው ማሽኖች ላይ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ከሚፈለገው በላይ ይግላል። ስለዚህ ባለ እጀታው ማጥለያ ከመገጠሙ በፊት ውኃውን ለጥቂት ሰከንድ መልቀቅ የተለመደ ነው። ብዙዎች የሚያቆሙት የእንፋሎቱ ሹክሹክታ ሲጠፋ ነው። ሹክሹክታው የሚጠፋው ግን ውኃው በዚያ ከተማ ከሚፈላበት ሙቀት በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ላይ የሚያቆም እጅ በድሬዳዋ 96 ላይ ያቆማል። የአራት ዲግሪ ልዩነት በኤስፕሬሶ ላይ በጣም ብዙ ነው፤ በተለይ ጠቆር ያለ ቡና ከሆነ ምሬቱንና አፍ የሚያደርቀውን ስሜት ያመጣል። በድሬዳዋ ሹክሹክታው ከጠፋ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ መጨመር፣ ከዚያም በቅምሻ ማረጋገጥ ይመከራል። ሙቀቱን በዲጂታል መቆጣጠሪያ የሚያስተካክሉ ዘመናዊ ማሽኖች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

ከአቆላል ጋር ሲገናዘብ ጠቆር ያለ ቡና በቀላሉ ስለሚሟሟ ከ88 እስከ 91፣ መካከለኛ የተቆላው ከ92 እስከ 95 ዲግሪ ይስማማዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው ቢመለስም፣ ቡናው የሚያልፍበት የብረት አካል እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዚያ መካከል የሚቀዳው ቡና ኮምጣጣ ይሆናል።

የድሬዳዋ ውኃ

ከሲኒው ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ሲሆን ከምንጮቿ አንዱ የሰቢያን የጉድጓድ መስክ ነው። ውኃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ማለትም ጠንካራ የሚባለው ዓይነት ነው። በከተማዋ ቤቶች በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው።

ካልሲየምና ማግኒዥየም በመጠኑ ሲሆኑ የቡናን ጣዕም በማውጣት ያግዛሉ፤ ጨርሶ ማዕድን የሌለው ውኃ ጠፍጣፋ ቡና ይሰጣል። ባይካርቦኔት ግን የኮምጣጤ ጠባይ ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ያመክናል። የሐረር ቡና የፍራፍሬ ጠረን ሕያው ሆኖ የሚሰማው ከእነዚህ ጋር ሲሆን ስለሆነ፣ ባይካርቦኔት በበዛበት ውኃ የተፈላ የሐረር ቡና ካካዋውን እንደያዘ ፍሬውን ያጣል። ልዩ ጣዕም ባላቸው ቡናዎች ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚመክሩት ጠቅላላ ጥንካሬው በሊትር ከ50 እስከ 175 ሚሊ ግራም፣ የባይካርቦኔቱ መጠን ደግሞ ከ40 እስከ 75 ሚሊ ግራም የሆነ ውኃ ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በካልሲየም ካርቦኔት ሒሳብ ነው።

መፍትሔው ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ማሽኑን ከኖራ ቅርፊት ያድናል፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካዋልና። ባይካርቦኔቱን ግን አይነካውም፤ ስለዚህ ማሽኑ ይድናል እንጂ ጣዕሙ አይመለስም። ሁለቱንም የሚቀንሰው ውኃውን በግፊት በስስ ወንፊት የሚያሳልፈው የማጣሪያ ዓይነት ሲሆን፣ ከእርሱ በሚወጣው ላይ ጥቂት የቧንቧ ውኃ መልሶ መቀላቀል ያስፈልጋል። ዋጋው ለትንሽ ካፌ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቦይለሩን በአሲድ ለማጠብና የተዘጉ ቱቦዎችን ለመለወጥ ከሚወጣው ጋር መነጻጸር አለበት። የታሸገ ውኃ ለመጠቀም ያሰበ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የባይካርቦኔት መጠን አስቀድሞ ያንብብ፤ ከታሸጉት መካከል ከቧንቧው የማይሻሉ አሉ።

አፈጫጨትና አጠቃቀጥ

ውኃ በ9 ባር ግፊት ሲገፋ ሁልጊዜ የሚሄደው በቀለለው መንገድ ነው። ዱቄቱ በማጥለያው ውስጥ በአንድ ወገን ከላላ ወይም ጎርባጣ ከሆነ ውኃው በዚያ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በስንጥቁ ዙሪያ ያለው ቡና ከመጠን በላይ ተመጥጦ ይመራል፤ የቀረው ሳይነካ ይቀራል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ኮምጣጣነትና ምሬት በአንድነት ሲገኙ ምክንያቱ ይህ ነው። ዱቄቱን በእኩል መበተን፣ ከዚያም መጠቅጠቂያውን ቀጥ አድርጎ አንዴ መጫን በቂ ነው። ደጋግሞ መጠቅጠቅም ሆነ ማጥለያውን በመጠቅጠቂያው መምታት ጠርዙን ከማላቀቅ በቀር ጥቅም የለውም።

የሐረር ቡና ፍሬ መጠኑ የተለያየ በመሆኑ አቆላሉም ይለያያል፤ ይህም በመፍጫው ላይ ይታያል። ምላጩ የዶለዶመ መፍጫ ደቃቅ ብናኝና ሻካራ ቅንጣት አብሮ ያወጣል፤ ብናኙ ምሬት፣ ሻካራው ኮምጣጣነት ያመጣል። በጀት የተወሰነ ካፌ ከማሽኑ ይልቅ መፍጫውን ቢያሻሽል በሲኒው ላይ የሚያየው ለውጥ ይበልጣል። ጠዋት የተስተካከለ አፈጫጨትም ከሰዓት በኋላ መታየት አለበት፤ መፍጫው ሲግልና ቡናው ሲደርቅ ፍሰቱ ይለወጣል። በየዕለቱ መጨረሻ የማሽኑ ራስና ማጥለያዎቹ ካልታጠቡ የተጠራቀመው የቡና ዘይት ይቀናና በሚቀጥለው ቀን ቡና ላይ ይገባል።

ወተትና ስኳር

በኢትዮጵያ የሚቀርበው ማኪያቶ ከጣሊያኑ ይልቅ ወተት ይበዛበታል። የወተቱ ስብና ፕሮቲን ምሬትን ይሸፍናሉ፤ አብረውም የፍሬውን ጠረን ይሸፍናሉ። ከሐረር ቡና በወተት ውስጥ ጎልቶ የሚቀረው ካካዋው ነው፤ ስለዚህ ለማኪያቶ የሚሆነውን ኤስፕሬሶ አጠር አድርጎ፣ ለምሳሌ ከ18 ግራም ቡና 30 ግራም ገደማ መቅዳት ይሻላል። ወተቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ጣፋጭነቱ ይጎላል፤ ከ70 በላይ ሲያልፍ የተቀቀለ ጠረን ያመጣል፤ ተመልሶ የተሞቀ ወተትም ጥሩ አረፋ አይሠራም።

ስኳር በሲኒው ላይ አስቀድሞ ሳይጨመር ለየብቻ ቢቀርብ ደንበኛው ቡናውን አንዴ ቀምሶ መወሰን ይችላል። አንዳንድ ካፌዎች ቡናው የመጣበትን ወረዳና የተቆላበትን ቀን በጠረጴዛ ላይ መጻፍ ጀምረዋል። ሐብሮ፣ ዳሮ ለቡ ወይም በደኖ የሚል ጽሑፍ ያነበበ ጠጪ ሁለት ማንኪያ ስኳር ከማማሰሉ በፊት አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ለመቅመስ ምክንያት ያገኛል።